አንድ ክር የጎደለው መቀነት

በዛሬው ዓምዳችን ወደ ሩቅ ምሥራቅ፣ ወደ ጃፓን አገር እንወስዳችኋለን። ጉዞው የቶኪዮን ፎቆች ለመቁጠር አይደለም። አንዲት እናት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ሲጠጋ የጀመሩትን ሙያና ሙያው የበቀለበትን ስፍራ ለማየት ነው።

ከኦሳካ ከተማ በባቡር ተሳፍራችሁ ወደ ደቡብ ብትጓዙ፣ በስተቀኝ በኩል ባሕር፣ በስተግራ ደግሞ ደን የለበሱ ተራሮች አሉ። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ ሴንሹ ይባላል። ኢዙሚ የተባለችው ከተማም በዚሁ አካባቢ ትገኛለች። አገሩ ከጥንት ጀምሮ የጥጥ አገር ነው። ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት ገበሬው ጥጥ ያበቅል፣ ቤተሰቡም ይፈትልና ይሸምን ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ግን ሥራው ወደ መኪና ተሸጋገረ። ኢዙሚኦትሱ በብርድ ልብስ፣ ኢዙሚሳኖ በፎጣ ስም አወጡ። ኦሳካ ራሷም ከጃፓን የጥጥ ኢንዱስትሪ ታላላቅ ማዕከሎች አንዷ ሆነች።

የጃፓን ጥጥ ለእኛም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ከነበረው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው የመጣው ከጃፓን ነበር። አያቶቻችን በገበያ ሲገዙት የነበረው አቡጀዲ ብዙው የጃፓን መኪናዎች ሥራ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ባለ የፋብሪካ አገር ጨርቅ የሚመዘነው በምን ይመስላችኋል? በእኩልነቱ ነው። የመጀመሪያው ሜትርና መቶኛው ሜትር አንድ መሆን አለባቸው። አንድ ክር ከጎደለ ጨርቁ ጉድለት አለበት ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል።

ወይዘሮ ሚሳኦ ጆ እ.ኤ.አ. በ1913 የተወለዱ ናቸው። ልጆች አሳድገዋል፤ ለብዙ ዓመታትም የአበባ አደራደር ጥበብ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ፣ ሌላው ሰው ስለ ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ፣ መሸመን አማራቸው። ቤተሰባቸውም የሽመና ዕቃ ሠራላቸው። ወይዘሮዋ በዚያ ላይ ተቀምጠው በኪሞኖ ላይ የሚታጠቀውን ሰፊ መቀነት መሸመን ጀመሩ።

ሠርተው ሲጨርሱ ከድሩ አንድ ክር ጎድሎ ኖሮ በጨርቁ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን መስመር ታየ። መቀነቱን ያዩ አንድ የሽመና ሥራ ዐዋቂ ጉድለት ያለበት ስለሆነ ዋጋ እንደሌለው ነገሯቸው። የወይዘሮዋ ዓይን ግን መስመሩን ወደደው። በመኪና አስተያየት ስሕተት የሆነው ነገር በእጅ ሥራ ላይ ለምን ጌጥ አይሆንም? ሲሉ ራሳቸውን ጠየቁ። ከዚያም ሆን ብለው ከድሩ ብዙ ክሮች እያጎደሉ ሌላ መቀነት ሸመኑ። ይህንንም በኦሳካ ዕውቅ የገበያ ሰፈር ሺንሳይባሺ ለነበረ አንድ የመቀነት ነጋዴ አሳዩት። ነጋዴው ሥራውን አደነቀ፤ መቀነቶቹም ገዢ አገኙ።

ከዚህ የተነሣው የሽመና ዓይነት ሳኦሪ ይባላል። «ኦሪ» በጃፓንኛ ሽመና ማለት ነው። «ሳ» ደግሞ «ሳይ» ከሚለው ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ በዜን ቡድሂዝም አስተሳሰብ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ክብር ያለው መሆኑን ያመለክታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድሩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይሰጣል። ሸማኔዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለቱን መርገጫዎች በእግሯ እያፈራረቀች መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ታሳልፋለች። የምትገለብጠው ንድፍ የለም። ለማጉ የምትፈልገውን ቀለም ትመርጣለች፤ ወፍራምና ቀጭን ክር ብትቀላቅል፣ ጠርዙ ቢጣመም፣ መሐሉ ቢሳሳ የሚቆጣት የለም። መምህሩ መሣሪያውን ያሳያታል እንጂ ሥራዋን አያርምም።

በዚህም ምክንያት በሌላ ስፍራ «አይችሉም» ተብለው የተተዉ ሰዎች በሳኦሪ ቦታ አገኙ። በጃፓን ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ችግር ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በሚረዱባቸው ብዙ ድርጅቶች ሳኦሪ ይሠራበታል። ወይዘሮ ሚሳኦ ከእነዚህ ሸማኔዎች ብዙ እንደተማሩ ይናገሩ ነበር። ምክንያቱም እነርሱ ሰው ምን ይለኛል ብለው እጃቸውን አይይዙም። በኢዙሚ ኮረብታዎች መካከል «የሳኦሪ ደን» የተባለ የሽመና ስፍራ ተቋቁሞ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች ለመማር መጥተውበታል። ወይዘሮ ሚሳኦ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ104 ዓመታቸው ነው። መሸመን የጀመሩት ዘግይተው ቢሆንም ከአርባ ዓመት በላይ በሙያው ኖረዋል።

ምናልባት «ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እንዝርት የያዙ ብዙ እናቶች መወርወሪያ ሳይነኩ ኖረዋል። ጥበብ የሚጥለው ሸማኔያችንም ክሩን እየቆጠረ የሚሠራ ባለሙያ ስለሆነ፣ ቆጠራው ቢሳሳት ጥለቱ ይበላሽበታል። እንጀራው ነውና ሙያውን ልናከብርለት ይገባል። ሳኦሪ ይህን አይሽርም። ይሁን እንጂ ለገበያ የምንሠራውንና እጃችንን ለማፍታታት፣ ልባችንን ለማሳረፍ የምንሠራውን በአንድ ሚዛን መመዘን የለብንም።

በፋብሪካም ሆነ በቢሮ የምትሠራ እናት ቀኑን ሙሉ በሰዓትና በቁጥር ስትለካ ትውላለች። ማታ ወደ ቤት ስትገባም ያንኑ መለኪያ በልጇ ላይ ትጭናለች። ልጅ የጠለፈችው ጥልፍ ጠማማ ሲሆን ፈትተን እኛው እናቃናላታለን። መርፌውን ከእጇ ከመቀበላችን በፊት ያንን ቀለም ለምን እንደመረጠች እንጠይቃት፤ የምትሰጠን መልስ ይኖራታል። እኛም ብንሆን «ጊዜዬ አልፏል» ብለን ያስቀመጥነው ኪሮሽ ወይም እንዝርት በሣጥን ውስጥ ካለ አውጥተን እንየው።