አራስ ስንጠይቅ ምን ይዘን እንሂድ?

አራስ መጠየቅ በአገራችን የኖረ መልካም ልማድ ነው። ጎረቤት ተገላገለች ሲባል ባዶ እጅ አይኬድም። ይሁን እንጂ በዛሬው የከተማ ኑሮ፣ በተለይ ደመወዛችን ከወር እስከ ወር ለማያደርሰን ሠራተኞች፣ «ምን ይዤ ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ ከጥየቃው ደስታ ይልቅ እያየለ መጥቷል። ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ካልሆነ በቀር በቤት የተዘጋጀ ነገር ይዞ መታየት እንደ ድህነት የሚቆጠርበት ቦታም አለ። በነቀምት ከተማ የምኖር ሠራተኛና የልጆች እናት እንደ መሆኔ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ያየሁትንና የሚሰማኝን ለእህቶቼ ላካፍል።

አንዲት የሥራ ባልደረባችን በወለደች ጊዜ መዋጮ ተሰብስቦ ቴርሞስና የሕፃን ብርድ ልብስ ተገዛላት። ነገሩ መልካም ነበር። ከመካከላችን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ግን መዋጮው ስለ ከበዳት ገብስ ቆልታና አስፈጭታ በሶ ልትወስድላት አሰበች። ይህን ስትናገር «በዚህ ዘመን በሶ ተይዞ ይኬዳል?» ተብሎ ተሳቀ። እርሷም አብራ ሳቀች፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ከእኛ ጋር አልሄደችም፤ ብቻዋንም አልሄደችም። አራሷ ወደ ሥራ ስትመለስ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ቴርሞሱ አልነበረም። «እርሷ ሳትጠይቀኝ የቀረችው ምን አስቀይሜያት ይሆን?» አለችኝ። ለዋዛ የተወረወረች አንዲት ቃል ሁለት ሴቶችን አቀያይማ ነበር።

እንግዲህ በሶን የሚያስንቀው ምንድን ነው? በወለጋ የወለደችን ሴት የሚያቆማት ከጥንትም ከቤት የሚወጣ ምግብ ነው። በኦሮሞ ባህል ከወሊድ በኋላ በአምስተኛው ቀን በሚደረገው የሸነን ሥርዓት ሴቶች ተሰብስበው ማርቃ፣ ማለትም ገንፎ፣ በቅቤ ይበላሉ፤ እናቲቱን ያበረታታሉ፤ ይመርቃሉ። አንጮቴም አለ። ይህ የወለጋ ሥራ ሥር ተቀቅሎ፣ ተልጦና ተከትፎ በቅመም ቅቤ ሲቀርብ ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ጠጋኝ ነው ተብሎ ይታመናል፤ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑም በምርምር ታውቋል። ይህን ሁሉ የሚሸጥ ሱቅ የለም።

አክስቴ የኪራሙ ሰው ናት። በደኅናው ጊዜ በቤተሰባችን ልጅ በተወለደ ቁጥር በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በመኪና ትልክልን ነበር። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በኪራሙና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ እርሷም ላሞቿን ትታ ወደ ነቀምት መጣች። አሁን በኪራይ ቤት ትኖራለች። በዚሁ ግቢ አንዲት ወጣት በወለደች ጊዜ፣ «ቅቤ የለኝ፣ ላም የለኝ፤ በምን ፊቴ እገባለሁ?» ስትል ሰማኋት። በመጨረሻም በአጥሩ ጥግ ከተከለችው አንጮቴ ቆፍራ፣ ጥቂት ቅቤ ከገበያ ገዝታ ሠርታ ገባች። ወጣቲቱ ሳህኑን ተቀብላ ወደ ጓዳ አላስገባችም፤ «አዴ፣ ከእጅዎ ያጉርሱኝ» አለቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ አክስቴ በዚያ ግቢ እንግዳ አይደለችም። ስጦታ የሚጠቅመው ተቀባዩን ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት ከዚህ ነው። ሁሉን ላጣ ሰው የሚሰጠው ነገር መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ስል ግን በቤት የተሠራ ሁሉ ይስማማል ማለቴ አይደለም። ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ሕፃን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በስተቀር ውኃም ቢሆን እንዳይሰጠው ጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ስለዚህ ያመጣነው ቅቤ ለእናቲቱ እንጂ አዲስ ለተወለደው ልጅ አፍ አይደለም። ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አደገኛ ስለሆነ አይቀመስም። ለምታጠባ እናት ጠላና ጠጅ አምጥቶ «ወተት ያበዛል» ማለትም ይቅር። ከዚህም ሌላ አምስት ጎረቤት በአንድ ቀን አምስት ሳህን ገንፎ ቢያመጣ አራቱ ይበላሻል። በዳንቴል ወይም በክር የተሠራ ኮፍያና ሹራብም ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ ቢሰጥ ይመረጣል።

በቤት የተሠራ ነገር ያለ ዋጋ የተገኘ የሚመስላቸውም አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ቅቤው በገንዘብ ነው፤ ከሥራ መልስ ገብስ መልቀምና መቁላት ደግሞ እንቅልፍ መቀነስ ነው። ስለዚህ የማይችል ሰው መገደድ የለበትም። አቅም ያለው ገዝቶ ቢሄድም ማንም አይነቅፈውም፤ ብርድ ልብሱም ያሞቃል። የሚነቀፈው አንዱን ስጦታ ለሌላው መናቂያ ማድረግ ነው።

ለሠራተኛ እናቶች ደግሞ ጊዜውን ማሰብ ይጠቅማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጡት ብቻ የሚጠባው ልጅ 6 ወር ሳይሞላው እናቲቱ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ጠያቂ የለም፤ ገንፎውም አልቋል። ሳይበላሹ የሚቆዩት በሶ፣ ጭኮና ሽሮ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለጉት በዚያን ሰዓት ነው። «የትኛው ቀን ይሻልሻል? ምን ጎደለሽ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅም ነውር የለበትም። ምንም የሌላት ሴት ሄዳ የሕፃኑን ጨርቅ ብታጥብ፣ እናቲቱ አንድ ሰዓት እንድትተኛ ልጁን ብትይዝ፣ እርሱም ከእጅ የወጣ ስጦታ ነው።

ተቀባይዋም ድርሻ አላት። የመጣውን በደስታ መቀበል፣ ከሌላው ጋር አለማወዳደር፣ ሳህኑንም ሲመቻት ከምስጋና ጋር መመለስ ይገባታል።

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል። እህቶቼ፣ አራስ በሰፈራችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ስትኖር፣ የሚገዛ ስላጣችሁ አትቅሩ። መዋጮ የምታሰባስቡም፣ ገንዘብ ያላዋጣችው እህት በሶዋን ይዛ ከፊት እንድትሄድ ጥሯት።