የአባት መኪና ዋጋ

አንድ ወዳጃችን ባረፉ ጊዜ ለወንድና ለሴት ልጃቸው አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ትተው ነበር። ወንድምዬው መኪናዪቱን ለራሱ አስቀርቶ ለእኅቱ የዋጋዋን እኩሌታ ሊሰጥ ወደደ። ነገር ግን ዋጋዋ ስንት ነው? ደላላው «ጥንታዊት ናት» ብሎ ከፍ አደረገው፤ መካኒኩ «የተቀያየረች ናት» ብሎ ዝቅ አደረገው። እኛም ለሽምግልና ተጠራን።

ዋጋን ከመናገር በፊት ማንነትን ማወቅ ይገባል። በዚህ ዐይነት ቮልስዋገን የሻንሲው ቁጥር ከኋላ መቀመጫ ሥር በወለሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። መቀመጫውን አንሥተን ብናይ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ተስማማ፤ ሊብሬውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 እንደ ተሠራች ይናገራል። የዚያ ዘመን የኋላ መስተዋት ግን ሞላላ ነበር፤ ሰፊው አራት ማዕዘን የመጣው በ1957 ነው። የእርሷ ሰፊው ነው። የቮልስዋገን አካል ከወለሉ ጋር በብሎን የሚታሰር ስለ ኾነ ሊለወጥ ይችላል፤ አካሉ ከሌላ መኪና እንደ መጣም የአባትዬው አሮጌ ደረሰኝ አረጋገጠልን። ሞተሩም ባለ 1500 ሲሲ ነው፤ የ1955ቱ ግን 1200 ያህል ነበር።

እንግዲህ ወለሏ ያንድ ዘመን፣ አካሏ የሌላ፣ ሞተሯም የሦስተኛ ነው። ይህ ነውር አይደለም። ይህች መኪና እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለ ተሠራች፣ ዕቃው ካንዷ ወደ ሌላዪቱ ሲሻገር ኖሯል፤ አባትም ቤተ ሰቡን ለማገልገል ያገኘውን ይገጥማል። ኾኖም ሳትነካ የቈየችው የምታወጣው ዋጋ ለዚህች አይገባም። እንደ እርሷ የተለወጡት በእውነት ከተሸጡበት ዋጋ ጋር ተመዛዝና፣ የወለሉ ዝገትና የሥራው ጥራት ታይቶ ልትተመን ይገባል።

ትልቁ ፈተና ግን ሌላ ነበር። ወንድምዬው ከእኅቱ ሲገዛ «የተቀያየረች ናት»፣ ነገ ለባዕድ ሲሸጥ «የ1955 ጥንታዊት ናት» ሊል ይችላል፤ ሊብሬው ይመሰክርለታልና። ኦሪት ዘዳግም በከረጢት ኹለት ዐይነት መመዘኛ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ የተለወጠውን ኹሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍን፤ ወረቀቱም ከሊብሬው ሳይለይ ለሚገዛት ኹሉ እንዲነበብ ወሰንን። ወንድምዬው ጥቂት አሰበና ፈረመ፤ እኅቱም ፈርማ ድርሻዋን ተቀበለች።

ወላጆች ሆይ፤ በመኪናችሁ ላይ ምን መቼ እንደ ተለወጠ ዛሬውኑ ጻፉ፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ አትጣሉ። ወንድማማች ብዙ ጊዜ የሚጣላው ባልተጻፈው ነገር ነውና።