ማሲንቆ ፊዚክስ ክፍል የገባ ዕለት

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና የያዘ ይቀጥል፣ የቸኮለ ማታ ይመለስበት። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ አስተማሪ የሆናችሁት፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

እኔ ዲፕሎማዬን የያዝኩት በ2002 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው በ10+3 ዘመን። ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፦ ኪነ ጥበብን ከትምህርት ጋር ማቀናጀት ያለውን አምስት ጥቅም ዘርዝሩ። አምስቱንም ዘረዘርኩ፣ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ አልዘፈንኩም፣ አልሣልኩም፣ ጭውውት አልሠራሁም። ያስተማሩንም ሠርተው አላሳዩንም። ዋና በጥቁር ሰሌዳ እንደ መማር በሉት።

ከዚያ ዳባት አካባቢ ደጋው ላይ ተመደብኩ። የፊዚክስ መምህር ስላልነበረ 9ኛ ክፍል ተሰጠኝ። ከቄስ ትምህርት የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ሲያጠና ይወዛወዛል፣ የኒውተንን ሕግ ሳይቀር በዜማ ይላታል። እኔ ምን አልኩት? «ዝም ብለህ አንብብ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም!» ዝም አለ። ዓመቱን ሙሉ ዝም አለ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጎንደር በዓታ የአቋቋም ማስመስከሪያ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚያ የሚያስመሰክር ሰው የጸናጽልን አምስት ጥቅም አይዘረዝርም። መቋሚያውን ይዞ ይቆማል፣ ከበሮውን ይመታል፣ ሲሳሳት መምህሩ እዚያው ያርሙታል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል፤ ማስተማርንም የሚማረው በዚያው ነው። እኛ ዘመናዊዎቹ በዚህ በር ላይ በየቀኑ እያለፍን፣ አስተማሪ የምናሠለጥነው በእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዓምና ለተግባር ልምምድ የመጡ እጩ መምህራን ነበሩ፣ አንዱ እኔ ሥር ሆነ። ርዕሱ ድምፅ ነው። «በምን ልታስተምር አሰብክ?» አልኩት። «በጠመኔ» አለኝ። «ክር ያለው ነገር ቤታችሁ የለም?» ስለው አቀረቀረ። ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። ከስታፍ ውጭ ጠራኝና «መምህር፣ አባቴ አዝማሪ ነው። ለማንም እንዳይነግሩብኝ» አለኝ።

አዝማሪ በሠርግ በክብር ይጠራል፣ ልጁ ግን «የአዝማሪ ልጅ» መባልን ይፈራል። ይሄን ጎንደር ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ ግን በሐሳቡ ደስ ብሎኝ፣ «አምጣው! ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?» ብዬ ገፋፋሁት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ክፍሉ ተናጋ። ጭብጨባ፣ «ግጠምልን!»፣ ሳቅ። ከኋላ አንዱ ተነሥቶ መጣና አሥር ብር ግንባሩ ላይ ሊለጥፍ እጁን ዘረጋ። ልጁ ደርቆ ቀረ። እኔ የመገምገሚያ ቅጹን ታቅፌ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ፤ መናገር ሲገባኝ ምላሴ ተያዘ።

እሱ ግን ብሩን አልተቀበለም፣ አልተቆጣምም። «ብሩን ኪስህ ክተት፤ ማስመሪያ አምጣና እዚህ ቁም» አለው። ክሩን ለካ አስባለው። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ። ሙሉውን በደጋኑ መታና አሰማቸው። ከዚያ ልጁን «ልክ መሐሉን በጣትህ ንካ» አለው፤ ደግሞ መታ። «ምን ተለወጠ?» ክፍሉ ዝም። አንዷ ቀስ ብላ «ያው ድምፅ ነው፣ ግን ቀጠነ» አለች። እኔ ስንት ዓመት በሰሌዳ ላይ ሞገድ እየሣልኩ ያላስጨበጥኩትን ነገር! ክሩ በግማሽ ሲያጥር ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ይሆናል፤ ቀመሩን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ብሩን ያመጣው ልጅ ደወል እስኪደወል ከክሩ ጋር ሲታገል ቆየ።

ስታፍ ውስጥ አንድ ባልደረባ «ትምህርት ቤቱን አዝማሪ ቤት አደረጋችሁት» አለ። ተሳቀ። ልጁም ፈገግ አለ፣ እኔ ግን ፈገግታውን አልወደድኩትም። ማታ ይቅርታ ጠየቅሁት። ክፍሉን አላዘጋጀሁለትም፣ እኔ ራሴም ምንም ነገር ተማሪ ፊት ሞክሬ አላውቅም። ራሴ ያልከፈልኩትን ዋጋ እሱን አስከፈልኩት።

ዘንድሮ አካሄዴን ለወጥኩ። እጩዎቹ ሲመጡ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን፣ መጀመሪያ የምሠራው እኔ ነኝ። ድምፄን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሳቁብኝ፣ ምንም አይደለም። ከዚያ እያንዳንዱ በየትምህርቱ ይሞክራል። የሒሳቡ እጩ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ይዞ መጣ፤ የመላእክቱን ፊት ሁሉንም ሳይቆጥሩ በረድፍ እንዴት መገመት ይቻላል አለ። ግሩም ነበር። የኬሚስትሪው ደግሞ ስለ ኤለመንቶች ዘፈን ሠራ፤ ተማሪዎቹ ዘፈኑን ቃል በቃል ያዙት፣ ኬሚስትሪው ግን የለም። በማሲንቆው ላይ ጥበቡ ራሱ ፊዚክሱ ነበር፤ ይሄኛው ኪኒን ላይ የተቀባ ስኳር ነው። ይህን ልዩነት እጩዎቹ ራሳቸው ተከራክረው ደረሱበት፤ እኔ በሦስት ዓመት ሥልጠና አልሰማሁትም። አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኗል፣ ጥሩ ነው። ግን «ጥበቡን ለጥበብ አስተማሪው ተዉት» የሚሉ እንዳይበዙ እሰጋለሁ።

ያ ልጅ አሁን ደባርቅ በኩል ያስተምራል። ባለፈው ደውሎ «መምህር፣ ጭጋጉ ቆዳውን አላልቶብኝ ድምፁ ሞተ፤ እሳት ዳር አሙቄ ገባሁ፣ ለምን እንደሆነም ጠየቅኋቸው» አለኝ። የማን ልጅ እንደሆነ ተማሪዎቹ ያውቃሉ ወይ አልኩት። «የመጀመሪያው ቀን ነው የነገርኳቸው» አለ።

አሁን ለእጩዎቹ መለማመጃ የሚሆኑ ሁለት ማሲንቆዎች እንፈልጋለን፤ የሰው ዕቃ እየተዋስን ሰለቸን። ጎንደር ውስጥ በደህና ዋጋ የሚሠራ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ገንዘቡን እኛ እናዋጣለን።