«አድሱ» ባይ በዛብን

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የምንኖር እናቶች ቀናችን የሚጀምረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። አንዷ የልጅዋን ምሳ ትቋጥራለች፤ ሌላዋ ከፋብሪካ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ትመለሳለች፤ ሌላዋም ታክሲ ለመያዝ ትሮጣለች። በዚህ ሁሉ ሩጫ መካከል አሁን ደግሞ አንድ አዲስ አዛዥ መጥቶብናል። አዛዡ ሰው ሳይሆን በእጃችን የያዝነው ስልክ ነው። ትእዛዙም አንዲት ቃል ናት፤ «አድሱ!» ትላለች።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር።

ባለፈው ነሐሴ የልጄ ትምህርት ቤት የዓመቱ ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ እንደሚካሄድ አስታወቀ። የተሰጠን ጊዜ 3 ቀን ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ከሥራ ገብቼ፣ እራት አቅርቤ፣ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ስልኬን ይዤ ተቀመጥሁ። ገጹን ስከፍት ገና ስም ሳልጽፍ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ መጣ። የምጠቀምበት ብራውዘር፣ ማለትም የኢንተርኔት ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ አሮጌ በመሆኑ ካላደስሁት መቀጠል እንደማልችል ይነግረኛል።

ስልኬን የገዛሁት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በገባሁበት ዕቁብ ነው። አልተሰበረም፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ቢሆንም «አፕዴት» የሚለውን ተጫንሁ። በቂ ቦታ የለም አለኝ። እኔም መሰረዝ ጀመርሁ። በመጀመሪያ የሠርግ ቪዲዮዎችን፣ ቀጥሎ የልደት ፎቶግራፎችን አጠፋሁ። አሁንም አልበቃም። በመጨረሻ የቀረው እናቴ ከማረፏ በፊት ለልጄ ተረት ስትነግራት የቀዳሁት ቪዲዮ ነበር። ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሆኗል፤ ምዝገባው በማግሥቱ ይዘጋል። «ከዘመድ ስልክ ላይ አገኘዋለሁ» ብዬ ራሴን አታለልሁ እንጂ ከእኔ በቀር የቀዳ ሰው እንዳልነበረ አውቅ ነበር። አጠፋሁት።

ቦታው ተገኘ። ይሁን እንጂ የዳታ ፓኬጄ እስኪያልቅ ከጠበቅሁ በኋላ የመጣው መልስ፣ ስልኩ ራሱ አሮጌ ስለ ሆነ አዲሱን ፕሮግራም አይቀበልም የሚል ነበር።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። በሩ ላይ ከ10 የማናንስ እናቶች ተሰብስበናል። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ከሌሊት ተራ ወጥታ እንቅልፍ ሳያያት ነበር የመጣችው። «ስልክሽ አሮጌ ነው ይለኛል። እኔ እኮ ዕዳውን ገና ከፍዬ አልጨረስሁም» አለችን። ሳቅን፤ ግን ሳቁ የደስታ አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወጥታ የሁላችንንም የልጆች ስም በወረቀት ላይ ጻፈችና በራሷ ኮምፒዩተር አስገባችው። ለአንድ ልጅ 5 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ይህ በር እንዳለ ቀድሞ ቢነገረን ኖሮ ያቺ እናት ተኝታ ባደረች፣ እኔም የእናቴን ድምፅ ባላጠፋሁ ነበር።

በእርግጥ እድሳት ያለ ምክንያት የመጣ ነገር አይደለም። ብራውዘር እንደ ቤት በር ነው። ሌቦች ቁልፉን የሚከፍቱበትን ዘዴ ባገኙ ቁጥር ባለሙያዎቹ ቁልፉን ይለውጣሉ። ክሮም የተባለው የጉግል ብራውዘር በ2014 ዓ.ም መስከረም በየ4 ሳምንቱ አዲስ እትም ማውጣት የጀመረው በከፊል ለዚህ ነበር። በስልኳ ገንዘብ የምታስተላልፍ ሴት የቁልፉን መለወጥ ልትንቀው አይገባም።

ችግሩ የሚመጣው አዲሱ ቁልፍ ለአሮጌው በር አልሠራም ሲባል ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ተራ ተጠቃሚዎች ይሰጥ የነበረውን የደኅንነት እድሳት ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም አቆመ፤ ክሮምም በ2015 ዓ.ም ዊንዶውስ 7ን ተወው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ አንድሮይድ 7 የተጫነባቸው ስልኮች ተራ ደረሰ። አንድሮይድ 7 የወጣው ቃሊቲ የሚያደርሰን ቀላል ባቡር ሥራ በጀመረበት በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው። 7 ዓመት ለአንድ ስልክ ዕድሜ ረጅም ነው የሚሉ ይኖራሉ። ያገለገለ ስልክ ገዝታ፣ እሱንም ለልጅዋ ለማውረስ ለምታስብ እናት ግን እንዲህ አይደለም።

እዚህ ላይ ጥፋቴን መናዘዝ አለብኝ። እኔም በጋዜጠኝነት ሥራዬ «እናቶች ከዘመኑ ጋር እንራመድ» እያልሁ የጻፍሁበት ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ የባንክ መልእክት እንዳነብላት የጠየቀችኝን ጎረቤቴን «እትዬ፣ ይህን ስልክ ለምን አይለውጡትም?» ብያታለሁ። ዝም ብላ ስልኳን በመቀነቷ ቋጥራ ሄደች። የዚያን ጊዜ የተናገርሁት ቃል በቀይ ቀለም ተጽፎ በራሴ ስልክ ላይ እስኪመጣ ድረስ ክብደቱን አላወቅሁትም ነበር።

ለሁሉም የሚሆን አሠራር እንደሚቻል በዓይናችን አይተናል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቴሌብር ዘመናዊ ስልክ ላላት በመተግበሪያ ይሠራል፤ የቁልፍ ስልክ የያዘችም *127# ደውላ ገንዘብ ትልካለች፤ ትቀበላለች። ስም፣ ዕድሜና ክፍል የሚጠይቅ ቅጽ ደግሞ ከገንዘብ ዝውውር የከበደ አይደለም። በአሮጌም በአዲስም ብራውዘር እንዲከፈት አድርጎ መሥራት ይቻላል። ይህ ካልሆነም አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወረቀትና አንዲት ትሑት ሠራተኛ ይበቃሉ። እናቶችን የምታገለግሉ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይህን እንድታስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለእኛ ለእናቶችም ከደረሰብኝ የተማርሁትን ላካፍል።

አንደኛ፣ «አድሱ» ሲባል አንደናገጥ። ከማደሳችን በፊት በስልኩ «ሴቲንግ» ውስጥ የአንድሮይዱን ቁጥር እንመልከት፤ ስልኩ አዲሱን ፕሮግራም ይቀበል እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ እድሳቱን ከፕሌይ ስቶር ብቻ እናውርድ። በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት «ብራውዘርሽ አርጅቷል፣ እዚህ ተጫኚ» የሚል ማስፈንጠሪያ ቢመጣ የሌባ ወጥመድ ሊሆን ይችላልና አንንካው። ሦስተኛ፣ አዲስ ስልክ ለመግዛት ተብሎ ብድር መግባት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆንብን ሌላ መንገድ እንዳለ አስቀድመን እንጠይቅ። አራተኛና ዋናው፣ ምንም ነገር ከመሰረዛችን በፊት የምንወዳቸውን ሰዎች ፎቶግራፍና ድምፅ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ እናስቀምጥ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኬን ይዛ መጣችና «እማዬ፣ የአያቴን ተረት ክፈችልኝ» አለችኝ። የምከፍትላት አልነበረኝም። አጠገቤ አስቀመጥኋትና ተረቱን የማስታውሰውን ያህል ራሴ ነገርኋት። መሐል ላይ አቋረጠችኝና፣ «አያቴ እንዲህ አይደለም ያለችው» ብላ አረመችኝ። የቀረውን እሷ ነገረችኝ። እኔም ደብተር አምጥቼ ጻፍሁት።