ከአንታናናሪቮ እስከ አምቡሂማንጋ፤ የረጃጅም ስሞች አገር

የማዳጋስካር ዋና ከተማ አንታናናሪቮ በኮረብታ ላይ የተቆለለች ከተማ ናት። ቀያዮቹ የጡብ ቤቶች አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ቆመው ይታያሉ፤ ከኮረብቶቹ ሥር ደግሞ የሩዝ እርሻው አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ተዘርግቷል። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ስለሆነ ለወይና ደጋ ሰው አየሯ ይስማማል። እንግዳውን የሚያስደነግጠው አየሩ ሳይሆን የሰዎቹ ስም ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ፊት ቆሜ ሰሌዳውን ማንበብ ጀመርሁ። የሐኪሙ ስም ከበሩ ግራ ተነሥቶ ቀኙን አልፎ ነበርና፤ ጥርሱን የሚያመው ሰው ይህን አንብቦ እስኪጨርስ ሕመሙ ሳይለቀው አይቀርም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ያስተናገደኝ እንደ እኔው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። የእርሱም ስም ቀላል አልነበረም። «አትፍራ፤ ረዥም የሆነው ለዓይን ነው እንጂ ለምላስ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ማዳጋስካሮች በላቲን ፊደል መጻፍ የያዙት በንጉሥ ራዳማ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1820ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ነው። «ኦ» ተብሎ የተጻፈው «ኡ» ተብሎ ይነበባል፤ የመጨረሻው ድምፅ ከከንፈር ሳይወጣ ይዋጣል። ስለዚህ አንድ መሥመር የሞላው ስም ሲጠራ እንደ ዝናብ ጠብታ ጠብ ጠብ ብሎ ያልቃል። ክፍል ገብቼ መምህሩ ስም ሲጠራ ሰዓት ይዤ ነበር፤ እኔ አገሬ ላይ የተማሪ ስም ለመጥራት ከሚፈጅብኝ ጊዜ አልበለጠም።

ስሙ የሚረዝመው ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ነው። «ራ» አክብሮት ናት። «ኩቱ» ልጅ፣ «ሱዋ» መልካም፣ «ቤ» ትልቅ፣ «ቬሉ» ሕያው ማለት ነው። እነዚህ እንደ ጡብ ይደረደራሉ። «አንድሪያን» የሚለው መነሻ ቀድሞ የመሳፍንት ምልክት ነበረ፤ ዛሬ ብዙ ሰው ይዞታል። ከ2014 እስከ 2018 ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰው የተጠሩበት ራዛውናሪማምፒያኒና በላቲን 19 ፊደል ነው። ሌላው ስማቸው ግን «ሄሪ» ይባላል፤ ትርጉሙም ኃይል ማለት ነውና የእኛን አገር ኃይሉን ያስታውሳል። እንደ እኛም የቤተሰብ ስም የሚሉት ልማድ ከጥንት አልነበራቸውም። እንዲያውም ከእኛ ያልፋሉ፤ እኛ የአባታችንን ስም እናስከትላለን፣ በእነርሱ ዘንድ ግን ያንድ እናትና አባት ልጆች አንዱ ከሌላው የማይገናኝ ስም ሊይዙ ይችላሉ። በልጅ የሚጠራ አባትም አለ። ከ1864 እስከ 1895 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውና ሦስት ንግሥቶችን በተከታታይ ያገባው ራይኒላይያሪቩኒ የስሙ ትርጉም የኢላይያሪቩኒ አባት ማለት ነው። በእኛ አገር ምኒልክ አባ ዳኛው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ሲባሉ ሰውዬው አባት የሚሆነው ለፈረሱ ነበር።

የረጃጅም ስሞች ሁሉ አለቃ የሆነውን ንጉሥ ፍለጋ ወደ አምቡሂማንጋ ሄድን። ቦታው ከከተማው በስተ ሰሜን ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በደን የተሸፈነ ኮረብታ ነው፤ በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በመግቢያው በር አጠገብ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበበ ግዙፍ ድንጋይ ቆሟል። በየማታው በሩን ለመዝጋት 40 ሰው ያንከባልለው ነበር ይባላል። የግቢው አጥር የተለሰነው ኖራ ከእንቁላል ነጭ ጋር ተደባልቆ ነው ይላሉ፤ የዶሮዎቹን ቍጥር ማሰብ ለአንባቢ እተዋለሁ።

የንጉሡ ቤት ከጥቁር እንጨት የተሠራ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በቀኝ እግር ይገባል፤ ሲወጡ ጀርባ አይሰጥም፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው። በመካከሉ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም ምሰሶ አለ። እንግዳ ሲመጣ ንጉሡ ወደ ላይ ወጥቶ ይደበቅ ነበር፣ የእንግዳው አመጣጥ ለበጎ መሆኑን ሲያውቅ ለሚስቱ በጠጠር ምልክት ይሰጥ ነበር ብሎ ጠባቂው ነገረን። ከ1787 እስከ 1810 የገዛውና የማዕከላዊውን አገር መሳፍንት አንድ ያደረገ ሰው ምሰሶ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሳስበው፣ ከዚያ የሚመለከተን መሰለኝ።

ስሙ በታሪክ መጻሕፍት አንድሪያናምፑይኒመሪና ነው፤ በኢመሪና ልብ ውስጥ ያለ ጌታ ማለት ነው። ይህ ግን ያጠረው ነው። ሙሉው አንድሪያናምፑይኒመሪናንድሪያንትሲሚቱቪአሚናንድሪያምፓንዛካ ይባላል። በላቲን 53፣ በእኛ ፊደል ስጽፈው 35 ሆነልኝ። በእኛ አገር ረዥም የምንለው ገብረ እግዚአብሔር 10 ፊደል ብቻ ነው። ትርጉሙ፦ በኢመሪና ልብ ውስጥ ያለ፣ ከሚነግሡ ጌቶች ጋር የማይተካከል ጌታ። በመካከሉ ያለችው «ትሲ» አሉታ ናት፤ እርሷ ብትወድቅ ንጉሡ ከማንም ጋር እኩል ሆኖ ይቀራል።

ይበልጥ የገረመኝ የልጅነት ስሙ ነው። ራምቡዋሳላማ ይባል ነበር፤ ጤነኛ ውሻ ማለት ነው። ክፉ መንፈስ እንዳይመቀኘው ሕፃኑን በተናቀ ስም መሸሸግ የአገሩ ልማድ ነበር። ይህን ስሰማ ልቤ ወደ አገሬ ሄደ። ልጅ የሞተባት እናት የሚቀጥለውን ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ትለዋለች። ሁለቱ ካሳዎች ነግሠው ቴዎድሮስና ዮሐንስ ተባሉ።

ስሙ ሙሉ ሆኖ ቢቀርም ባለ ስሙ እዚያ አላረፈም። ፈረንሳዮች ደሴቲቱን በ1896 ቅኝ ግዛት ካደረጉ በኋላ፣ በ1897 የነገሥታቱን አፅም ከአምቡሂማንጋ አንሥተው ወደ አንታናናሪቮው ቤተ መንግሥት አዛወሩት። ያም ቤተ መንግሥት በኅዳር 1995 ተቃጠለ።

ደሴቲቱ ሁሉ ረዥም ስም ታወጣለች ማለት ግን አይደለም። በ1963 ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ ወደ አዲስ አበባ የመጡት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ትሲራናና ስማቸው አጭር ነበር፤ የሰሜኑ የትሲሚሄቲ ወገን ናቸውና። ትሲሚሄቲ ራሱ ፀጉራቸውን የማይቈርጡ ማለት ነው፤ ለገዢ ንጉሥ ሐዘን አንላጭም ከማለት የመጣ ነው ይባላል።

ስንመለስ መምህሩ የራሱን ነገር አጫወተኝ። አንድ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ሲጓዝ የቲኬቱ ሣጥን ስላለቀ ስሙ ከወገቡ ተቈርጦ ታተመ። በሌላ አገር አውሮፕላን ጣቢያ አንድ ሹም ቲኬቱንና ፓስፖርቱን አስተያይቶ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» ብሎ ሦስት ሰዓት አቆመው። በመጨረሻም ስሙን እንዲያሳጥር መከረው። «አባቴ ሲያወጣልኝ ሣጥን አልቈጠረም» ብሎ መለሰለት።

ወደ አሜሪካ የሄዱ ወንድሞቻችንም ይህን ያውቁታል። ገብረ ማርያም እዚያ ሲደርስ ገብረ የራሱ፣ ማርያም የሌላ ስም ይሆንና፣ ጐረቤቱ ሁሉ «ገብረ» ይለዋል። የማን አገልጋይ እንደሆነ የሚናገረው ግማሽ በፎርሙ ላይ ቀርቷል። አንባቢዬ መዝገብ ቤት ተቀምጠህ የሰው ስም የምትጽፍ እንደሆነ ብዕሩ በእጅህ ነውና ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ልጆቹ ራሳቸው ስማቸውን ቢያሳጥሩ ግድ የለኝም፤ በአንታናናሪቮም ጓደኛ ጓደኛውን በሙሉ ስሙ አይጠራም። ሰው ስሙን ሲያሳጥርና ስሙ ሲያጥርበት ግን አንድ አይደለም።

ማታ ከተማ ስንገባ የታክሲውን ነጂ ስሙን ጠየቅሁት። «ኩቱ» አለኝ። ሙሉውን ብለው ሳቀና መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጠኝ። ስሙ የመጀመሪያውን መሥመር ጨርሶ ከታች ወደ ሁለተኛው ወርዷል፤ ጸሐፊው ቦታ ሲጠበው ፊደሎቹን አሳንሶ አንዱን ሳያስቀር ጽፎታል።