የጦር አለቃው የመጨረሻ ድካም

ዩሊሰስ ግራንት የሚባል የአሜሪካ የጦር አለቃ ነበረ። በጕልማሳነቱ ከሚስቱና ከልጆቹ ርቆ በጠረፍ ምሽግ ሲኖር ናፍቆት አስጨነቀው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. ወታደርነቱን ትቶ ወደ ቤቱ ገባ። በ1861 የርስ በርስ ጦርነት ቢነሣ ተመልሶ ዘመተ፤ በ1865 ጄኔራል ሊን ድል አድርጎ እጁን ተቀበለ። ኋላም ስምንት ዓመት አገሩን በፕሬዚዳንትነት መራ።

በ1884 ግን የንግድ ማኅበርተኛው አታልሎት ገንዘቡን ሁሉ አጣ፤ ጕሮሮውንም ነቀርሳ ያዘው። ከሞተ በኋላ ሚስቱ እንዳትቸገር ብሎ ያየውን ጦርነት ይጽፍ ጀመር። ድምፁ ቢዘጋ እንኳ ብርዑን አልጣለም። መጽሐፉን በፈጸመ በጥቂት ቀን፥ በ1885፥ ዐረፈ። ከሽያጩም ሚስቱ ከ400,000 ዶላር በላይ አገኘች።

ጠላትን በብዙ ጭፍራ ያሸንፉታል፤ ሕመምን ታግሦ ለቤተ ሰብ መድከም ግን ሰው ብቻውን የሚዋጋው ጦርነት ነው።