ስርዝ ድልዝ

ባንክ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ሕግ አጭር ነበር፤ ሰነድ በፍሉይድ አይነካም። የተሳሳተው አኃዝ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል፤ የሠራተኛው ፊርማ ከጎኑ ይቀመጣል። ስሕተቱ ተሰርዞም መነበብ አለበት። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ይህን ሕግ እሽረዋለሁ። በግጥም ደብተሬ ላይ ከፊደሉ ይልቅ የፍሉይዱ ጠባሳ ይበዛል።

ፍሉይዱን ነጭ የሚያደርገው ታይታንየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 ዊልያም ግሬጎር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በኮርንዎል ባገኘው ጥቁር አሸዋ ውስጥ ያልታወቀ ብረት መኖሩን አስተዋለ። በ1795 ጀርመናዊው ኬሚስት ክላፕሮት በግሪክ አፈ ታሪክ ግዙፋን ስም ታይታንየም ብሎ ሰየመው። ይህን የመሰለ ነጭ ከጥቁር አሸዋ መውጣቱ ዘወትር ይደንቀኛል። ከእርሱ በፊት ሠዓሊዎችና ቀለም ቀቢዎች ለዘመናት የተገለገሉት ከእርሳስ በሚሠራ መርዛማ ነጭ ነበር።

የዱቄቱ ኃይል ብርሃንን በማጠፍ ላይ ነው። አልማዝ ብርሃንን የሚያጥፍበት መጠን 2.4 ሲሆን የዚህኛው 2.7 ገደማ ይደርሳል። የደቀቁት ቅንጣቶች የመጣውን ብርሃን በየአቅጣጫው በትነው ስለሚመልሱት ዓይናችን ከሥር ያለውን ሳያይ ይቀራል። ውሃ አያሟሟውም። በግድግዳ ቀለም፣ በወረቀት፣ በፕላስቲክ፣ በጥርስ ሳሙናና በፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥ አለ። ምግብ ለማንጣትም ሲጨመር ኖሯል፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን በዘረ መል ላይ ጉዳት ያደርሳል የሚለውን ሥጋት ማስወገድ ስላልተቻለ እ.ኤ.አ. በ2022 ከምግብ አግዶታል። ይህ ሁሉ ሙያ ያለው ዱቄት አንድ ነገር ግን አይችልም፤ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም።

ይህን የተረዳሁት በአባቴ ሙት ዓመት ዋዜማ ነው። በተዝካሩ ላይ ላነበው ያሰብኩትን ግጥም ስገለብጥ፣ ከመካከሉ አንድ ስንኝ በፍሉይድ ተሸፍኖ አገኘሁ። ምን ብዬ እንደ ነበር ረስቻለሁ። እስክሪብቶውን አጥብቄ ይዤ ኖሮ ቀለሙ ወረቀቱን ዘልቆ፣ ፊደላቱ ከገጹ ጀርባ ተገልብጠው ይታያሉ። ወደ መስታወት ወስጄ አነበብኳቸው፤

«አንድ ቀን ስሜን በፍቅር አልጠራህም።»

እናቴ እንዳታዝን ብዬ የሸፈንኩት እውነት ነበር። ፍሉይዱን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በንጹሕ ወረቀት ላይ ስንኙን እንደ ገና ጻፍኩ፤ በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዝኩት፤ ከጎኑ ፈረምኩ። ከበላዩ የሚጻፈው ትክክለኛው ስንኝ ግን ቶሎ አልመጣልኝም። ሌሊቱ ሲጋመስ እንዲህ ስል ጻፍኩ፤

«ባመሸሁ ጊዜ ሁሉ መብራቱን ሳታጠፋ ጠበቅኸኝ።»

በማግስቱ እንግዶቹ ሲሄዱ ለእናቴ ሁለቱንም አነበብኩላት፤ የተሰረዘውንም፣ የተጻፈውንም። ጥቂት ዝም አለች።

«ልጄ፣ እኔንም እኮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም» አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኖቿ ሳበች።